ኩስኮ ከልጆችና ከእናቴ ጋር፦ ደገኛን ከፍታ አይጥለውም የሚባለው እውነት ነው?

ይህ ክር ከተከፈተ ወዲህ 35 መልስ ደርሶታል። አወያይ ስለሆንኩ ሁሉንም አንብቤያለሁ። አዲስ የሚመጣ ሰው ግን በላሊበላ የተነሳውን ጭቅጭቅ አልፎ የሚፈልገው ምክር ጋ እስኪደርስ ይሰለቻል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፈዋለሁ። ቅር ያለው ሰው ዋናውን መልስ ሄዶ ያንብብ፤ ከሰረዝኳቸው ሁለቱ በቀር ሁሉም በቦታው አለ።

ጥያቄውን ያነሳችው ቨርጂኒያ የምትኖር እናት ናት። ባለቤቷን፣ የ9 ዓመት ሴት ልጇን፣ የ5 ዓመት ወንድ ልጇን፣ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጡትን እናቷንም ይዛ በነሐሴ ፔሩ ልትሄድ ነው። ዋናው መድረሻ የኢንካዎች መዲና የነበረው ኩስኮ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ዕቅዱን ያወጣው ባልየው ነው። ከዋሽንግተን ሊማ፣ ከሊማ በዚያው ጠዋት ኩስኮ። ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ ያለውን ሳክሳይዋማን የሚባል የድንጋይ ግንብ ማየት። በማግስቱ ማቹ ፒቹ ወደሚባለው የኢንካዎች ጥንታዊ ከተማ ደርሶ መልስ። በሦስተኛው ቀን ቪኒኩንካ፣ ያ በፎቶ ባለቀለም ሆኖ የምናየው ተራራ። እሱ ከ5,000 ሜትር በላይ ነው።

እሷ የከፍታ ሕመም ያሳስባታል። ባሏ ግን ተወልዶ ያደገው 2,840 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ነው። ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው እያለ ይስቅባታል። ጥያቄዋ ሁለት ነበር። ሐበሻን ከፍታ አይነካውም የሚባለው እውነት ነው ወይ? ካልሆነስ ዕቅዱ እንዴት ይስተካከል?

መልስ 1 መልካም ሰላምታ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ይጀምርና ደገኛ ደም ያለው ሰው ምንም አይሆንም፣ ውሃ ብቻ ጠጡ ብሎ ያበቃል። ከሁሉም በላይ የተወደደው ይህ መልስ ነው። ክሩ የረዘመውም በእሱ ምክንያት ይመስለኛል። መልስ 2 ራሱን የእንጦጦ ልጅ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ባልየውን ደግፎ ሯጮቻችንን አነሳ። በቆጂ፣ ሱሉልታ፣ ወርቅ፣ ባንዲራ፣ ምንም አልቀረውም። እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ልበል። ሱሉልታ ላይ የሚሮጡት ልጆች እዚያው እየኖሩ ነው የሚሮጡት። ቨርጂኒያ የተወለደ የ5 ዓመት ልጅን ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው የአያቱ ስም ብቻ ነው።

መልስ 3 የክሩ ምሰሶ ነው። የጻፈችው ሚኒሶታ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። በዚህ ጊዜ ገና ትሑት ነበረች፤ በኋላ የሆነችውን ታያላችሁ። ሰዎች ሁለት ነገር ያምታታሉ አለች። አንደኛው ልምድ ነው። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው አተነፋፈሱም ደሙም ከቦታው ጋር ይስማማል። ይህ ልምድ ግን ቆላ ወርዶ ሳምንታት ከቆየ ይጠፋል። ደብረ ብርሃንን ከለቀቀ ዓመታት ያለፉት ባልም፣ ከፋሲካ ጀምሮ ቨርጂኒያ ያሉት እናትም ከዚህ አንጻር እኩል ናቸው። ሁለተኛው ውርስ ነው፤ እሱን በኋላ ሌሎች አንስተውታል።

ቁጥሩንም አስቀምጣለች። ኩስኮ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከቦሌ ተነስቶ ኩስኮ ለሚያርፍ ሰው እንኳ ልዩነቱ ይሰማል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። የሚጀምሩት ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። ሰውየው ተጨማሪ ከፍታ ካልወጣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃሉ። የ5 ዓመት ልጅ ራሴን አመመኝ ላይል ይችላል። ያለ ምክንያት ከተነጫነጨና ምግብ እምቢ ካለ ከፍታውን ጠርጥሩ ብላለች። ቁጭ ብሎ የሚያለከልክ፣ እየሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም የሚዘባርቅ ሰው ግን ማደር የለበትም። ወዲያውኑ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድና ሐኪም ማየት አለበት። ከቆላ የሚነሳ ሰው ቢቻል የመጀመሪያውን ሌሊት ከ2,750 ሜትር በላይ አይደር የሚለውንም የጻፈችው እሷ ናት።

መልስ 4 የዴንቨር እናት ናት። እነሱ ከተማ 1,600 ሜትር ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ፓይክስ ፒክ የሚባለውን 4,300 ሜትር ተራራ በመኪና ታወጣለች። ባለፈው ዓመት ወንድሟ ከሂዩስተን መጣ። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ብርድና ተራራ ያሳደገኝ ነኝ ሲል ነበር። ጫፍ ላይ ሲደርሱ የእሷ ልጆች በረዶ ይወራወራሉ፣ የመንዙ ጀግና መኪና ውስጥ ፌስታል ይዞ ተኝቷል። ታሪኩን እየሳቀች ነው የጻፈችው። ከዚህ በኋላ ግን ሳቁ ቀነሰ።

መልስ 5 ላይ አንድ ሰው ጥናት ይዞ መጣ። ጥናቱ እውነተኛ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምረው ነበር። ሄሞግሎቢናቸውም (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ነው) የኦክስጅን መጠናቸውም በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ያለ ነው። የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ ባይጨምርም ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። የእኛዎቹ ሦስተኛ ዓይነት ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ሰውየው ግን ከዚህ ተነስቶ ቤተሰቡ የከፍታ ሕመም መከላከያ ክኒን አያስፈልገውም፣ ነርሷም የፈረንጅ መጽሐፍ ነው የምታነበው ብሎ ደመደመ።

መልስ 6 ጀርመን ውስጥ ባዮሎጂ የምትማር ልጅ ናት። ጥናቱን ተቀብላ ድምዳሜውን ጣለችው። የተመረመሩት ዕድሜ ልካቸውን እዚያው የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ጥናቱ ከቆላ ድንገት ለሚወጣ ሰው ምን እንደሚሆን አልመረመረም። በዚያ ላይ ሁሉም ኢትዮጵያዊ አንድ ዓይነት ደም የለውም። ከዚያ ወዲህ የወጣ ጥናት ባሌ ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን ከሰሜን ተራሮች አማሮች ጋር አነጻጽሮ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ምክንያቱም ወደ ደጋው የወጡት ከ500 ዓመት ወዲህ በመሆኑ ሊሆን ይችላል ተብሏል። ልጅቷ ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። መልስ 7 ግን ከዚህ ውስጥ ፖለቲካ አወጣበት። ስለ ሄሞግሎቢን እየተወራ ብሔር ቆጠራ ውስጥ ለመግባት ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል። ሰርዤዋለሁ።

መልስ 8 ከሬሆቮት፣ እስራኤል ነው። ጸሐፊዋ ጎንደር ተወልዳ በሕፃንነቷ የሄደች ናት። ከወታደር ቤት ስትወጣ እንደ እኩዮቿ ሻንጣዋን አዝላ ደቡብ አሜሪካን ዞራለች። ኩስኮ ውስጥ በዕብራይስጥ የተጻፈ የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ነው ትላለች። የጎንደር ደሟ ምንም አልረዳትም። ከአብረዋት ከነበሩት ሁሉ ቀድማ የተኛችው እሷ ነበረች። አንዲት ፖላንዳዊ ዝርያ ያላት ጓደኛዋ ግን ሽቅብ እየሮጠች ትወጣ ነበር። ማን እንደሚያመው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ጉብዝናም ወጣትነትም አያድንም ስትል ነርሷ ወዲያው ደገፈቻት።

አሁን ወደ መልስ 9 እንምጣ። ለጉዞ የምታስቡ ሰዎች ሌላውን ባታነቡ ይህን አንብቡ። የጻፈው ቤተሰቡን ይዞ ሄዶ የተመለሰ የሲልቨር ስፕሪንግ አባት ነው። መፍትሔው ዕቅዱን መገልበጥ ነው ይላል። ኩስኮ ላይ እረፉ፣ ግን እዚያ አትደሩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው መኪና ያዙና በቀጥታ ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ውረዱ። ኡሩባምባ ከተማ 2,870 ሜትር፣ ኦያንታይታምቦ 2,790 ሜትር ገደማ ናቸው። ነርሷ ካለችው ቁጥር ትንሽ ያልፋሉ፣ ከኩስኮ ጋር ሲተያይ ግን ትልቅ ልዩነት ነው። በቺንቼሮ በኩል ሲኬድ መንገዱ መጀመሪያ ከኩስኮም በላይ ይወጣል። እሱ አያስጨንቅም፤ ማለፍ ሌላ ማደር ሌላ ነው።

ሸለቆው ውስጥ ሁለት ሦስት ሌሊት እደሩ ይላል። የሚታይ አይጠፋም። ኦያንታይታምቦ ላይ ኢንካዎች በተራራው ወገብ የሠሩት እርከን አለ። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ዓይኑ ቶሎ ይለምደዋል። ማራስ ላይ ከተራራ የሚፈልቅ ጨዋማ ውሃ በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ገንዳዎች እየደረቀ ጨው ይሆናል። ልጆች በጣም ይወዱታል። ከዚያ ከኦያንታይታምቦ በባቡር ማቹ ፒቹ ሥር ወዳለችው ከተማ ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ መውረድ ነው። እዚያ አድሮ በማለዳ ማቹ ፒቹ። ብዙ ሰው ማቹ ፒቹን የጉዞው ጣሪያ አድርጎ ይገምታል። 2,430 ሜትር ነው። ከኩስኮ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ የአዲስ አበባን ያህል ማለት ነው። ኩስኮ መጨረሻ ላይ ትመጣለች። ያን ጊዜ ሰውነት ስለለመደ ከተማዋን በእግር ማየት ይቻላል። ቪኒኩንካ ከልጅና ከእናት ጋር ጭራሽ አይታሰብ።

መልስ 10 የጠያቂዋ ምስጋና ነው። የእናቷ ጉልበት እንደሚያማቸው ጨምራ ነገረችን። በ11 ያው አባት ትልቁን ሻንጣ ሆቴል አስቀምጡ፣ ባቡሩ ላይ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ያዙ አለ። ለእናት ጫፉ ጎማ ያለው ምርኩዝ ይያዝ፤ ብረት ጫፍ ማቹ ፒቹ አይገባም። በ12 አንዲት ሴት ሁሉም የረሳውን አነሳች። ማቹ ፒቹ ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም። ያለው ከበሩ ውጪ ነው፤ አንዴ ከገቡ በኋላ ወጥቶ መመለስ ደግሞ ቀላል አይደለም። የ5 ዓመት ልጅ ያለው ሰው ይህን ከታሪኩ በፊት ይወቅ። የሕፃን ጋሪም አይፈቀድም። ትኬቱ ቀን፣ ሰዓትና የእግር መንገዱ ተመርጦ ነው የሚቆረጠው፤ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ከአውሮፕላኑ በፊት እሱን ያዙ። ፓስፖርት በር ላይ ይጠየቃል። ስለ ብርዱም ጽፋለች። ነሐሴ ደረቅ ወቅት ነው፤ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ወደ ዜሮ ይወርዳል። ማሞቂያ የሌለው ሆቴልም ብዙ ነው። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ ማለቷን ወድጄላታለሁ።

መልስ 13 የኮካ ቅጠል ሻይን አመጣ። ኩስኮ ውስጥ ሆቴል ስትገቡ የሚቀርብላችሁ እሱ ነው፣ ለራስ ምታት ፍቱን ነው ብሎ አወደሰው። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው፤ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያኝከዋል፣ ይጠጣዋል። መልስ 14 ግን ሥራውን በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጭነት መኪና የሚነዳ ወንድማችን ነው። ይህ ሻይ በዕፅ ምርመራ ላይ ኮኬይን ሆኖ ሊታይ ይችላል አለ። ሻይ ነው የጠጣሁት ማለት መንጃ ፈቃድን አያድንም። ጠያቂዋ ባሏ ምን እንደሚሠራ አልነገረችንም። ሾፌሩ ግን እዚህ መድረክ ላይ ስንቶቻችን ትራክ እንደምንነዳ ያውቃል። ቅጠሉን፣ ሻዩንም ከረሜላውንም ቢሆን ወደ አሜሪካ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ጨመረ። የምትተኩት በዝንጅብል ሻይ ነው።

15 እና 16 ኮካን ከጫት ጋር እያነጻጸሩ ሄዱ። አንዱ ፔሩዎች ቅጠላቸውን ሲያከብሩ እኛ የራሳችንን እንሰድባለን አለ። ሌላው በጫት የጠፋ ወንድሙን አንስቶ መለሰለት። ቁምነገር ነበረው፣ ግን ሌላ ክር የሚፈልግ ነገር ነው።

ነገሩ የተበላሸው 17 ላይ ነው። ጸሐፊው ልጆቿ ላሊበላን ሳያዩ የሰው አገር ድንጋይ ለማየት መሄዷ አሳፋሪ ነው አለ። ቃሉ ከዚህም ይከብድ ነበር። 18 በጨዋ ደንብ የእሷ ገንዘብ፣ የእሷ ፈቃድ አለው። 19 ጠንከር ብላ በአሁኑ ሰዓት የ5 ዓመት ልጅ ይዤ ወደዚያ ልሂድ ብትል መጀመሪያ የምትሰድባት አንተ ነህ አለች። አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት መኖሩን ማንም ሊነግራት አይገባም፤ ዘመዶቿ እዚያ ናቸው። 20 ደግሞ ሰው የሚሄደው እኮ በአውሮፕላን ነው፣ ታቦት ለማንገሥ የሚሄደው ምእመን መች ቀረ አለ። 21 የተሰረዘው ሁለተኛው መልስ ነው። 22 የ21ን መልስ ለምን ሰረዝክ የሚል ነው። 23 የእኔ ነው። ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለ ኩስኮ ነው፣ ስለ አገር ፍቅሯ ፈተና አልተቀመጠችም ብያለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 24ን ሳነብ ትከሻዬ ላላ። የጻፈው ላሊበላ ተወልዶ አስጎብኚ የነበረ፣ አሁን ዳላስ የሚኖር ሰው ነው። በከተማው ስም የተጣሉትን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎ ስለ ድንጋይ ማውራት ጀመረ። ላሊበላ ላይ ጠራቢው ከአንድ አለት ላይ የማያስፈልገውን እየቀነሰ ወደ ታች ይወርዳል። አንዴ ያለ ቦታው የተመታ መሮ መመለሻ የለውም። ኩስኮ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ድንጋዩ ተለይቶ ይመጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር እስኪገጥም ድረስ ይስተካከላል፣ ያለ ማጣበቂያ ይቀመጣል። ሳክሳይዋማን ላይ ከ100 ቶን በላይ የሚገመቱ ድንጋዮች አሉ። ለልጆቹ የሰጠው ጨዋታ አለ። ሃቱን ሩሚዮክ በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ባለ 12 ማዕዘን ድንጋይ ግድግዳው ውስጥ አለ። ቦታውን ሳትነግሯቸው ፈልገው ያግኙት፣ ማዕዘኑንም ይቁጠሩ። መንካት ግን ክልክል ነው።

25 ይህን ተከትሎ ስለ ቆሪካንቻ ጻፈ። የፀሐይ መቅደስ የነበረ ነው። ግድግዳው በወርቅ ዝርግ ተሸፍኖ ነበር። ስፔኖች የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ይዘው ቤዛ ሲጠይቁ ወርቁ ከግድግዳው ተነቅሎ ሄደ። በላዩ ላይ የሳንቶ ዶሚንጎን ገዳም ሠሩበት። በ1950 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ገዳሙ ክፉኛ ፈረሰ፣ ከሥሩ ያለው የኢንካ ግድግዳ ቆሞ ታየ። ያው ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር አርሟል። ቦሌቶ ቱሪስቲኮ የሚባለው የጋራ ትኬት ሳክሳይዋማንን፣ ፒሳክን፣ ኦያንታይታምቦንና ሌሎችን ያስገባል። የቆሪካንቻ ገዳምና የአደባባዩ ካቴድራል ግን ለብቻ ይከፈልባቸዋል። ብዙ ቤተሰብ በር ላይ ደርሶ የሚናደደው በዚህ ነው።

ከ26 ጀምሮ ወሬው ወደ ሆድ ዞረ። አንዲት እናት ጉዞው ከፍልሰታ ጋር እንደሚገጥም አስታወሰች። አያት ይጾማሉ፤ እዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም። ጥያቄው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ በዚያ ከፍታ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። ነርሷ ገብታ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪማቸውም ለንስሐ አባታቸውም አስቀድመው ይንገሩ አለች። ንስሐ አባታቸው ከነርሷ ጋር እንደሚስማሙ እገምታለሁ። የሚበላ አይጠፋም። ኪንዋ ከሚባለው የአገሩ እህል የሚሠራውን ሾርባ ሥጋ የሌለበት አስብሎ ማሠራት ይቻላል። ድንች፣ ባቄላና ፍሬው ትላልቅ የሆነ በቆሎ በየገበያው አለ። ሽሮ ይዞ ሄዶ ለማብሰል ላሰበም ምክር ተሰጥቷል፤ እዚያ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ ጥራጥሬ ያለ ፕሬሸር ድስት ቶሎ አይበስልም።

27 ላይ ስለ ኩይ ተነሳ። ጆሮዋ አጭር የሆነች ጥንቸል የምትመስል ትንሽ እንስሳ ናት፤ ለበዓል ከነጭንቅላቷ ጠብሰው ያቀርቧታል። ካቴድራሉ ውስጥ ባለው የመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ እንኳ ሠዓሊው ማርኮስ ሳፓታ ጌታ ፊት ሳህን ላይ እሷን የመሰለች ነገር አስቀምጧል። ሥዕሉን አያት እንዲያዩት ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለው ላይ ሁለት ጎራ ተፈጠረ። እኔ ይዩት ባይ ነኝ። የእኛ ሠዓሊዎችስ ጌታን ማዕድ ላይ ሲያስቀምጡ መሶብ ይስሉ የለ?

28 ድንች ከዚያው ከአንዲስ እንደመጣና ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕጽዋት ሊቅ እንደሆነ ጻፈ። 29 አልተዋጠለትም። የአያቶቹ አገር ጋይንት ድንች ከጥንትም ነበረ አለ፣ ማስረጃ አላመጣም።

30 ደግሞ ከርዕሱ ቢወጣም ልዘለው አልቻልኩም። ሸለቆው ውስጥ አንዳንድ ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ወይም ጨርቅ ታስሮ ይታያል። ዛሬ ቺቻ አለ ማለት ነው፤ ከበቀለ በቆሎ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ጸሐፊው ያደገው ደጃፉ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት የቆመበት ጠላ ቤት አጠገብ ነው። ሳይጠይቅ ገባ፣ ሳያስተረጉም ጠጣ። ለልጆች ከሐምራዊ በቆሎ የሚፈላው፣ አልኮል የሌለበት ቺቻ ሞራዳ አለ።

31 ቅንነት ያለበት አደገኛ መልስ ነው። ሰውየው እኔ ከኪሊማንጃሮ የተረፈኝ ዳያሞክስ (የከፍታ ሕመም መከላከያው ክኒን) አለ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ መጥታችሁ ውሰዱ፣ ለልጁ ግማሽ ስጡት አለ። 32 ነርሷ ናት። ትሕትናዋ እዚህ ላይ አለቀ። መድኃኒቱ ለልጅ የሚታዘዘው በኪሎው ተሰልቶ ነው፤ ግማሽ የሚባል መስፈሪያ የለም። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አይወስደውም። የእናትየው የግፊት ክኒን ሽንት የሚያሸና ዓይነት ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያለበት ሐኪም ነው። ለሚታዘዝለት ሰው ጣት ቢወረውረው፣ ሽንት ቢያመላልሰው፣ ለስላሳ መጠጥ ቢመረው አይደንግጥ። ይህን ሁሉ ከነገረች በኋላ ሰውየውን የት የሕክምና ትምህርት ቤት እንደተማረ ጠየቀችው። ሰውየው አልተመለሰም። ትንሽ ከረረች የሚሉ አሉ። በልጅ መድኃኒት ላይ ብትከርር ግን እኔ ምንም አልልም።

33 ላይ ጠያቂዋ አዲሱን ዕቅድ ይዛ ተመለሰች። ከአውሮፕላኑ በቀጥታ ሸለቆ። ከዚያ ባቡር፣ አጉዋስ ካሊየንቴስ ማደር፣ ማቹ ፒቹ። ኩስኮ በመጨረሻ፣ የመጀመሪያው ቀን አደባባዩንና ቆሪካንቻን ብቻ፣ በማግስቱ ሳክሳይዋማን በታክሲ ወጥቶ በእግር መውረድ። የልጆቹንና የእናቷን ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች። ቪኒኩንካ ተሰርዟል። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው ያለችው።

34 በአዲስ ስም የተከፈተ አካውንት ነው። ባልየው ራሱ ነው። እዚህ ሲወራበት እንደከረመ የነገረው እንደሌለ ገልጾ ጀመረ። ሸለቆውንም ባቡሩንም ተቀብሏል። ክኒኑን አይውጥም። ቪኒኩንካን ግን ቤተሰቡ ሲያርፍ በመጨረሻው ቀን ብቻውን ወጥቶ እንደሚመለስ፣ ለደብረ ብርሃን ልጅ ይህ ምንም እንዳልሆነ ጻፈ።

35 ነርሷ ናት። ሳምንት ሙሉ ከለመደ በኋላ ከሆነ ይሂድ አለች። ራሱን ካመመው ይመለስ፤ በዚያኑ ሌሊት አውሮፕላን እንዳይቆርጥ፤ የመንዙን ልጅ ፌስታልም እንዳይረሳ።